ከአርባው እስከ 42ኛው ኪሎ ሜትር፦ የትዳር አጋሩን በካንሰር ያጣ ሰው ለሕሙማን ማራቶን የሚሮጥበት መመሪያ

ይህን የምጽፈው ሰው ደጋግሞ ሲወድቅበት ስላየሁ ነው። እኔም ወድቄበታለሁ። ባለቤቴ በጡት ካንሰር ባረፈች በሁለተኛው ወር "ለሷ ማራቶን እሮጣለሁ" ብዬ ተነሣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሜን አሞኝ ተኛሁ። "አይዞህ፣ እኔ አለሁ" ብሎ ገንዘብ ቃል የገባልኝ ሰውም ረሳው፤ ማን ስንት እንዳለኝ እኔም አልጻፍኩም ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ጨረስኩት። 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ስለዚህ የፈጣን ሯጭ ምክር አትጠብቁ።

ሐዘኑ፣ ልምምዱና ገንዘቡ የየራሳቸው ቀን መቁጠሪያ አላቸው። እኛ ግን ሦስቱንም ባንድ እንባ ልንጨርስ እንነሣለን። ከዚህ በታች ያለው ሦስቱን ለይቶ የማስኬጃ መንገድ ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ላላችሁ ሰዎች ነው ያሰብኩት።

ደረጃ 1፦ ከመነሣታችሁ በፊት

1. አርባው ሳይወጣ ልምምድ አትጀምሩ። የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በነዚያ ቀናት እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይወርድም፣ ቤቱ በለቅሶ ደራሽ እንደተሞላ ነው። ያስታመመ ሰው ድካም ደግሞ ከቀብሩ ወራት ቀድሞ የጀመረ ነው። ሳይተኛ የሚሮጥ ሰው ጡንቻው አይጠገንም። እስከዚያ በቀን 30 ደቂቃ ተራመዱ፣ እሱ ይበቃል።

2. ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስና ልብ ይታይ። "ትንሽ ስፖርት ልጀምር ነው" አትበሉ። "42 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው" በሉ፣ ምርመራው ይለያያል።

3. የቤተሰቡን ቃል ቀድማችሁ ውሰዱ፣ በተለይ የአማቶቻችሁን። እኔ ይህን ዘልዬው ነበር። አማቴ ቁምጣ ለብሼ ሲያዩኝ "አይ ልጄ፣ ከሏን ሳታወልቅ ትሮጣለህ? ሰው ምን ይላል?" አሉኝ። በኋላ ቁጭ ብዬ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ሳስረዳቸው ነው የተረጋጉት። ልጆች ካሏችሁ ቅዳሜ ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት ሙሉ ማን ጋ እንደሚውሉ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ልምምድ የሚቋረጠው በጉልበት ሳይሆን በዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለሳምንታት እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ ወይም "እኔም ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ ከተመላለሰባችሁ ሩጫውን ተዉትና ጤና ተቋም ሂዱ፣ ለምታምኑት ሰውም ዛሬውኑ ንገሩ። ሩጫ የሐዘን መድኃኒት አይደለም። ቀን ያስይዛል፣ በቃ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ቁረጡ

በሙት ዓመቱ ዕለት አትሩጡ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ቀን ነው፣ ሐሳቡም ያምራል። ግን የተዝካር ድግስ ሲሰናዳ አድሮ፣ ሌሊት ቅዳሴ ቆሞ፣ እንግዳ ተቀብሎ ማን ነው 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው? ቢያንስ ሦስት ሳምንት አራርቁት።

ለጎጃም የሚስማማው ወቅት ከኅዳር 15 በፊት ያለው ቅዳሜ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፣ የነቢያት ጾምም አልገባም። ከዚያ 24 ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ትደርሳላችሁ። ልምምዱ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በመሐል ሁለት አጽዋማት አሉ፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ። ሁለቱም የሚውሉት ርቀቱ ገና አጭር በሆነበት ጊዜ ስለሆነ ችግር የለም። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው። ረጃጅሞቹን ሩጫዎች እዚያ ውስጥ የሚከት ዕቅድ አታውጡ። ለማንኛውም የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ።

ደረጃ 3፦ የምትሮጡበትን ቦታ ወስኑ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አዲስ አበባ በኅዳር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ማራቶን 42.195 ነው። "ባለፈው ዓመት ማራቶን ሮጫለሁ" የሚለው ጎረቤታችሁ አብዛኛውን ጊዜ አሥሩን ነው የሮጠው።

የተመዘገበ ማራቶን ካገኛችሁ ተመዝገቡ፤ ውኃውም አምቡላንሱም የአዘጋጁ ጣጣ ነው። ካላገኛችሁ የራሳችሁን አዘጋጁ፦

1. ስታዲየም። የውስጠኛው መስመር አንድ ዙር 400 ሜትር ከሆነ 105 ዙርና 195 ሜትር ልክ ማራቶን ነው። ያሰለቻል፣ ግን ከሁሉ የሚታመነው እሱ ነው። ውኃ ቅርብ ነው፣ መኪና የለም፣ ሰው መጥቶ ያያችኋል። ዙር የሚቆጥር ሁለት ሰው መድቡ፣ አንድ ሰው ይሳሳታል። በየ20 ዙሩ አቅጣጫ ቀይሩ፣ አለዚያ አንደኛው ጉልበት ብቻውን ይጎዳል።

2. የከተማ ዙር። 5 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ ለዩና 8 ጊዜ ዙሩት፣ የቀረውን 2.195 መጨረሻ ላይ ጨምሩ። በባጃጅ ቆጣሪ አትለኩ። በስልክ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አነስተኛውን ቁጥር ያዙ።

3. ከከተማ ወደ ከተማ። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ብዙ ሰው ያጓጓዋል። እኔ አልመክርም። ውኃ የሚያቀብል መኪና ይፈልጋል፣ ደክሞህ ብትቆም ደግሞ ሜዳ ላይ ነህ።

የትኛውንም ብትመርጡ ለከተማ አስተዳደሩና ለትራፊክ ፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ኪስ ውስጥ ያዙ። ቀይ መስቀልን ስለ አምቡላንስ ጠይቁ። መንገድ የሚዘጋበት ወይም ሰዓት እላፊ የሚኖርበት ጊዜ ከሆነ ከከተማ አትውጡ፤ ስታዲየሙን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ደረጃ 4፦ የገንዘቡ ሥራ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። እግሩ ደርሶ ገንዘቡ ላይ የሚፈርስ ብዙ ነው።

1. ተቀባዩን ምረጡ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆን አለበት። የምዝገባ ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ለምሳሌ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በልጅነቱ በካንሰር ላረፈ ሕፃን መታሰቢያ የተቋቋመ ነው፤ ለሕክምና ከክልል አዲስ አበባ የሚሄዱ ታካሚዎችንም ያስጠልላል። ከጎጃም ታማሚ ይዞ የሄደ ሰው ማደሪያ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ወረፋ እየጠበቁ በሰው ቤት መክረም የሁላችንም ታሪክ ነው።

2. የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፉ። "እገሌ በስማችን ገንዘብ እንዲያሰባስብ አውቀናል" የሚል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩም ያለበት። ያለዚህ ደብዳቤ አንድ ብር አትጠይቁ።

3. ገንዘቡ በእጃችሁ አይለፍ። ባንክም ይሁን ቴሌብር፣ በቀጥታ በድርጅቱ ስም ይግባ። በግል ሒሳብ የሰበሰበ ሰው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ይታማል፣ ሐሜቱ ደግሞ ወደ ሟቿ ስም ይሄዳል። ሳይሰጥ መሄድ ያቃተው ሽማግሌ ጥሬ ብር ካስጨበጣችሁ በሁለት ምስክር ፊት ጻፉትና በዚያው ቀን አስገቡ።

4. በኪሎ ሜትር ጠይቁ። "የቻልከውን" ስትሉ ሰው 50 ብር ሰጥቶ ይገላገላል። በኪሎ ሜትር 10 ብር ማለት 420 ብር ነው፣ 50 ብር ማለት 2,100። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ስለሚሰማ ሰው አይደነግጥም። ብታቋርጡ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ እኔ "ሠላሳ ላይ ብወድቅም ሙሉውን ትከፍላላችሁ" ብዬ አስፈርሜያለሁ።

5. ደብተር ያዙ። ስም፣ ስልክ፣ ቃል የገባው ብር፣ የከፈለበት ቀን። ግማሹ ከሩጫው በፊት እንዲገባ ጠይቁ።

6. የት ትጠይቃላችሁ? እድር፣ ጽዋ ማኅበር፣ መሥሪያ ቤት። እድር ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። መዋጮ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ስለ ድንኳኑ ጭቅጭቅ ሳይጀመር። ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ለትልቅ ሰው እንዲህ በሉ፦ "ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ለካንሰር ሕሙማን 42 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው። በየኪሎ ሜትሩ 20 ብር ይደግፉኛል? የሚያስገቡት በቀጥታ ለድርጅቱ ነው፣ ደብዳቤው ይኸው።"

በሽታውን በስሙ ጥሩት። እኛ ዘንድ "ያ በሽታ" እየተባለ ይንሾካሾካል። እኔ እድር ላይ "የጡት ካንሰር" ብዬ ስናገር ዝም ጸጥ አለ። ስብሰባው ሲበተን ግን ሁለት እናቶች ወደ ጎን ጠርተው ስለ እብጠት ጠየቁኝ። እንዲህ ሲገጥማችሁ ሐኪም አትሁኑ። "ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ ከፈለጉ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ" በሉ።

ፎቶ የምትለጥፉ ከሆነ በጤንነቷ ጊዜ የተነሣችውን ምረጡ። በሕመም የከሳ ፊት ገንዘብ ያመጣ ይሆናል፣ ልጆቹ ግን ያንን ፎቶ በየሰው ስልክ ላይ ሲያዩት ይኖራሉ።

ደረጃ 5፦ ጫማና ልብስ

ጫማ ከተለመደው ቁጥራችሁ ግማሽ ቁጥር ይስፋ፣ ጣት ፊት ላይ የአውራ ጣት ስፋት ይቅር። ማምሻ ላይ ለኩ፣ እግር ያን ጊዜ ያብጣል። ሰልባጅ መግዛት ይቻላል፣ ግን ሶሉን በሁለት እጅ እጠፉት፤ መሐሉ ላይ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ተዉት። በአዲስ ጫማ ማራቶን አይገባም። ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር ሩጡበት።

ከል በተመለከተ፦ ጥቁር ቲሸርት የባሕር ዳርን ፀሐይ ስቦ ያነዳችኋል። ነጭ ልበሱና ጥቁር ጨርቅ ክንዳችሁ ላይ እሰሩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሴቶች ሰው ስለሚናገር ብላችሁ ከባድ ቀሚስ አትልበሱ፤ ታይት ላይ ሰፊና ረዘም ያለ ቲሸርት ይበቃል። ብሽሽት፣ ብብትና ጡት ጫፍ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ይህን የናቀ ሰው ማታ ሲታጠብ ይጮኻል።

ደረጃ 6፦ ሃያ አራቱ ሳምንታት

በሳምንት አራት ቀን ሩጡ፦ ሦስት አጫጭር፣ ቅዳሜ አንድ ረጅም። እሁድ ለቤተ ክርስቲያንና ለእንቅልፍ ነው።

- ከ1 እስከ 4፦ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ ርምጃ፣ በጠቅላላ 30 ደቂቃ። ቅዳሜ እስከ 6 ኪሎ ሜትር።
- ከ5 እስከ 8፦ አራት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ ርምጃ። ቅዳሜ ቀስ በቀስ እስከ 10።
- ከ9 እስከ 12፦ ቅዳሜ 12፣ 14፣ 16፣ ከዚያ ማረፊያ 11። ፍልሰታ እዚህ ይገባል። አጭሩን ሩጫ ጾም ከመፍታታችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ሩጡ፣ ወዲያው ትበላላችሁ። ረጅሙን ሩጫ ቀኑን ሙሉ ጦም በሚዋልበት ቀን አታድርጉት።
- ከ13 እስከ 16፦ 18፣ 20፣ 22፣ ማረፊያ 15። እንቁጣጣሽ እዚህ ነው፤ ጠላው ከሩጫው በኋላ።
- ከ17 እስከ 21፦ 24፣ 27፣ ማረፊያ 20፣ 30፣ 32። ከ32 በላይ አትሂዱ። ሙሉውን 42 የምትሮጡት አንድ ቀን ብቻ ነው።
- ከ22 እስከ 24፦ 20፣ 12፣ ከዚያ ሩጫው። እዚህ ላይ ሰው ይፈራና ይጨምራል። አትጨምሩ።

ፍጥነቱ ስንት ይሁን? እያወራችሁ መሮጥ ከቻላችሁ ልክ ነው። ለብቻ ከሆናችሁ አባታችን ሆይን ሳይቆራረጥ መድገም ትችላላችሁ ወይ ብላችሁ ሞክሩ። ካቃተ ፈጥናችኋል። በሐዘን የሚሮጥ ሰው ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፤ ንዴቱን በእግሩ ያወጣል። እኔ ቅልጥሜን የጎዳሁት ያን ሰሞን ነው።

ክረምት ላይ ጠዋት ሩጡ፣ ዝናቡና መብረቁ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አትውጡ፤ ውሻና ጅብ አለ። ውሻ ከመጣ አትሽሹ። ቁሙ፣ ድንጋይ የማንሣት ያህል ጎንበስ በሉ። መኪና መንገድ ላይ በግራ በኩል ሩጡ፣ የሚመጣባችሁን አይሱዙ ፊት ለፊት እንድታዩት።

ሲበላሽ

- *ቅልጥም ወይም ጉልበት አመመ፦* ሦስት ቀን አቁሙ። ስትራመዱም ካመመ ሐኪም። አንዲት ቦታ በጣት ስትነኩ የምትወጋ ከሆነ አጥንት ሊሆን ስለሚችል አትሩጡ።
- *አንድ ሳምንት አመለጠ፦* ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ሁለት ካመለጠ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሱ። አራት ካመለጠ ቀኑን አራዝሙና ለደጋፊዎች ንገሩ።
- *እንባ መጣ፦* ይመጣል። ትንፋሽ ሲቆራረጥ መሮጥ አይቻልም፣ ስለዚህ ተራመዱ። እኔን ብዙ ጊዜ የያዘኝ እሷ ስትታከም የምናልፍበት መንገድ ላይ ነበር። መንገዱን ቀየርኩት። ጀግንነት አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ምግብና ውኃ

ሯጮች ለጉልበት የሚመጡት ውድ ጄል አያስፈልግም። በሰዓት አንድ ሙዝና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል፣ ወደ 40 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ከመጀመሪያው 40 ደቂቃ በኋላ ጀምሩ፣ እስኪርባችሁ አትጠብቁ። በሶ በማር በጥብጠው የሚጠጡ አሉ፤ እኔን ሆዴን ነፋኝ። ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ በቅዳሜ ሩጫ ሞክሩት።

ውኃ ሲጠማችሁ ጠጡ። ያለ ጨው ሊትር በሊትር መገልበጥ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ኦ አር ኤስ ከፋርማሲ ውሰዱ። ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ።

ደረጃ 8፦ ዕለቱ

1. ማታ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም እንጀራ በአልጫ ብሉ። ቀይ ወጥና አረቄ ይቅር። እንቅልፍ እምቢ ቢል አትጨነቁ።
2. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ዳቦ በማርና ሻይ። ቡና የለመዳችሁ ቡናችሁን ጠጡ።
3. ልክ 12 ሰዓት ጀምሩ። በ5 ሰዓት ለመጨረስ አንዱ ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፣ በ6 ሰዓት 8 ደቂቃ ከ32። የመጀመሪያዎቹን 10 ከዚህም ቀስ በሉ። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ተለማምዳችሁ ባሕር ዳር የምትሮጡ፣ ትንፋሹ ይቀላችኋል፣ ሙቀቱ ግን ይጥላችኋል። አትታለሉ።
4. ከ30ኛው በኋላ ሰውነት ይከዳል። ለዚያ ሰዓት አንድ ሰው አዘጋጁ፣ አብሯችሁ እንዲራመድ። የማያለቅስ ሰው ምረጡ።
5. ባት ከተኮማተረ ቁሙ፣ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ሳቡ፣ ኦ አር ኤስ ጠጡ፣ ተራመዱ።

ወዲያው አቁሙ፦ ደረት ከጨመቀ፣ ዓይን ከጨለመ፣ ላብ ደርቆ ከበረዳችሁ ወይም ንግግር ከተምታታ። የምታቆሙበትን ምልክት ለአጃቢው ቀድማችሁ ንገሩት፣ "አቁም" ካለ ክርክር የለም።

ደረጃ 9፦ ከሩጫው በኋላ

ጨርሳችሁ አትቀመጡ፣ 15 ደቂቃ ተራመዱ። ደረጃ የምትወርዱ ከሆነ በማግስቱ ወደ ኋላ ዞራችሁ ውረዱ፤ ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ሦስት ሳምንት አትሩጡ።

በአሥር ቀን ውስጥ ከድርጅቱ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ጠቅላላውን ቁጥር እድሩ ላይ አንብቡ። ያልከፈለውን ሰው አንዴ ደውሉለት። ካልከፈለ ስሙን ሰርዙና ተዉት። ስሙን ግን አታንብቡ።

በሁለተኛው ሳምንት ባዶነት ይመጣል። 24 ሳምንት ሙሉ ቅዳሜን ስትጠብቁ ከርማችሁ ድንገት ቅዳሜ ምንም የለውም። ያን ጠዋት ብቻችሁን ቤት አትዋሉ፣ አንድ ሰው ቡና እንዲጠራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔን የጠሩኝ አማቴ ናቸው። አቦሉን ጠጥተን ዝም፣ ቶናውን ጠጥተን ዝም። በረካው ላይ ሲኒውን እየቀዱ "ለመሆኑ ደግሞ መቼ ነው የምትሮጠው?" አሉኝ።